ክቡ ብቻውን አይመሰክርም፦ ባክቴሪያ ስለሚሠራው "ሳሙና" ስናወራ የምንዘላቸው ነገሮች

ባክቴሪያ ሳሙና ይሠራል ብላችሁ ታምናላችሁ? ይሠራል። ለዚያውም ጎበዝ ሳሙና! ችግሩ ሳሙናው ላይ አይደለም፤ ስለ ሳሙናው የምናወራው ወሬ ላይ ነው።

"ባዮሰርፋክታንት" የሚለውን ቃል ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግሞ ይመጣላችኋል። ተፈጥሯዊ ነው፤ ስለዚህ አይጎዳም። የባክቴሪያን ሽፋን ይበሳል፤ ስለዚህ ባክቴሪያ ሊለምደው አይችልም። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ጀርም አጥፍቷል፤ ስለዚህ መድኃኒት ሊሆን ነው። ሦስት "ስለዚህ"። ይህ ታሪክ የሚገኘው በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ ነበር፤ በምርምር ጽሑፎች መግቢያና መደምደሚያ ላይም ይገኛል። እውነቱን ለመናገር በራሴ የጥናት ንድፍ ላይም ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምተቸው ሌላ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፊ ሳህን ላይ ውሃ ጨምሩና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በስሱ ነስንሱበት። ጣታችሁን ሳሙና አስነክታችሁ የውሃውን መሃል ንኩት። ቁንዶ በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል፤ አይደል? የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የውሃው ፊት እንደተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ይህን የገጽ ውጥረት እንለዋለን። የንጹህ ውሃ ውጥረት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ነው። ሳሙናው መሃል ላይ ውጥረቱን ሲያላላው፣ ዳር ያለው ውሃ ቁንዶ በርበሬውን ጎትቶ ወሰደው ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሞለኪውሎች በሙሉ ሰርፋክታንት ይባላሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ውሃ የሚወድ ራስና ቅባት የሚወድ ጭራ አላቸው። የወጥ ድስት ስታጥቡ ጭራው ቅባቱን ይይዛል፣ ራሱ ውሃውን ይይዛል፣ ቅባቱም ተያይዞ ይሄዳል።

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህን ሞለኪውል ራሳቸው ያመርታሉ። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ የሚሠራው ሰርፋክቲን ይባላል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1968 ይፋ አደረጉት። ሰባት አሚኖ አሲዶች በቀለበት መልክ ተያይዘው ከአንድ የቅባት ጭራ ጋር የተጋጠሙበት ነው። የውሃን ውጥረት ከ72 ወደ 27 ገደማ ያወርደዋል፤ ለዚያውም በጣም ጥቂት መጠን በቂው ነው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ራምኖሊፒድ ይሠራል፤ የዚህኛው ራስ ራምኖስ የተባለ ስኳር ነው።

ታዲያ ፀረ ባክቴሪያ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የማንኛውም ህዋስ ሽፋን በዋናነት ከቅባት ነክ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። የሳሙናው ጭራ እዚያ ውስጥ ይሰካል፤ በብዛት ሲሰካ ሽፋኑ ይላላል፣ ይበሳል፣ የውስጡ ይፈሳል። ተስፋው ከዚህ ነው የሚነሣው። ተስፋውም ቀላል አይደለም፤ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። አዲስ መሣሪያ እንፈልጋለን። ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ስለሆነ ነው ወሬው መፈተሽ ያለበት።

"ተፈጥሯዊ ነው፤ ስለዚህ አይጎዳም"

"የማንኛውም ህዋስ ሽፋን" ያልኩትን አስተውላችኋል? የእናንተም ህዋስ ሽፋን ከቅባት ነክ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ሳሙና መታወቂያ አይጠይቅም።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ላብራቶሪዎች ሰርፋክታንት የሚሠራ ባክቴሪያ ሲፈልጉ ከሚጠቀሙባቸው የመጀመሪያ ፈተናዎች አንዱ ደም የተቀላቀለበት አጋር ነው። ባክቴሪያው ቀዩ አጋር ላይ ይበቅላል፤ ሰርፋክታንት ካመነጨ በዙሪያው ያሉት ቀይ የደም ህዋሶች ይፈነዱና ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ተመራማሪው "አገኘሁት!" ብሎ ደስ ይለዋል። ከዚያ ያንኑ ባክቴሪያ ይዞ ይሠራና በጽሑፉ መጨረሻ ላይ "ተፈጥሯዊና ለሰው ደህና የሆነ" ብሎ ይደመድማል። ቆይ እንጂ! የመረጥከው እኮ የደም ህዋስ ስላፈነዳ ነው።

ራምኖሊፒድም እንደዚሁ። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ አቅማቸው የደከመ ሕሙማንን የሚያጠቃ አስቸጋሪ ባክቴሪያ ነው። ሰውነታችን ነጭ የደም ህዋሶችን ሲልክበት፣ እነሱን ከሚያፈርስባቸው መሣሪያዎች አንዱ ራሱ ራምኖሊፒድ ነው። ስለዚህም ነው ተመራማሪዎች የራምኖሊፒዱን ጂን ሱዶሞናስ ፑቲዳ ወደተባለ ጉዳት ወደማያደርስ ዘመዱ በማዛወር ማምረት የጀመሩት።

"ተፈጥሯዊ" ማለት "የዋህ" ማለት እንዳልሆነ ለእኛ መንገር እንኳ አያስፈልግም ነበር። እንዶድን እናውቃለን። ለዘመናት ልብስ የታጠበበት የተፈጥሮ ሳሙና ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ያስተዋሉት ምን ነበር? ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ግኝቱ ትልቅ ሆነ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘላቸው። የእንዶድ ኃይል ያለው ሳፖኒን በተባለ ሰርፋክታንት ውስጥ ነው፤ ይኸው ሳፖኒን ግን ዓሣንም ይገድላል። ልብስ ያነጣል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ዓሣም ይገድላል። አንድ ሞለኪውል ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው የት ቦታና በምን ያህል መጠን እንደዋለ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "ተፈጥሯዊ ነው ወይ?" ሳይሆን "ባክቴሪያውን ለማቆም ስንት ያስፈልጋል፣ የእኛን ህዋስ ለመጉዳትስ ስንት?" ነው። ሁለት ቁጥሮች፣ ጎን ለጎን። ለምሳሌ ያህል ብቻ ልበልና፣ ባክቴሪያውን የሚያቆመው 50 ሆኖ ደምን የሚያፈነዳው 60 ከሆነ፣ እጃችሁ ላይ ያለው መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው። 2 እና 500 ከሆነ ግን ተቀምጠን እናውራ። አንዱን ቁጥር ብቻ የሚያቀርብ ጽሑፍ ግማሽ ጽሑፍ ነው።

"ሽፋን ይበሳል፤ ስለዚህ ባክቴሪያ ሊለምደው አይችልም"

ይህ አባባል ከሦስቱ በጣም አሳማኙ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የተለመደ አንቲባዮቲክ አንዲት ፕሮቲን ላይ ያነጣጥራል፤ ባክቴሪያው ያቺን ፕሮቲን ትንሽ ቀይሮ ያመልጣል። ሽፋንን ግን እንዴት አድርጎ ይቀይራል? ቤቱን በሙሉ አፍርሶ ሊሠራ ነው?

እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። የአመለጠኝ ጥያቄ ግን ቀላል ነበር፦ ሰርፋክቲን የሚሠራው ባክቴሪያ ራሱ ለምን አይሞትም? መልሱ፣ ሰርፋክቲኑን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ሽፋኑ ላይ ስላለው ነው። መቋቋም የማይቻል ቢሆን ኖሮ አምራቹም ባልኖረ። ጎረቤቶቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንድ የስትሬፕቶማይሲስ ዝርያ የሰርፋክቲንን ቀለበት የሚቆርጥ ኢንዛይም ወደ ውጭ ይረጫል። አፈር ውስጥ ይህ ትግል የቆየ ነው። እኛ ነን አሁን የደረስንበት።

የሆስፒታሉ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ኮሊስቲን የቅባት ጭራ ያለው፣ ባክቴሪያ የሚሠራው፣ ሽፋንን እንደ ሳሙና የሚያፈርስ መድኃኒት ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲታዘዝ ቆይቶ ኩላሊት ስለሚጎዳ ቀስ በቀስ ተተወ። በኋላ ግን ሌሎቹ መድኃኒቶች አልሠራ ሲሉ እንደ መጨረሻ ምሽግ ተመለሰ። በኅዳር 2015 ከቻይና አንድ ዜና መጣ፤ ኤምሲአር-1 የተባለ ጂን የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን ኤሌክትሪካዊ ሙሌት በመለወጥ ኮሊስቲን በደንብ እንዳይጣበቅበት ያደርጋል። ቤቱን በሙሉ ማፍረስ አላስፈለገውም፤ የበሩን ቀለም መቀየር ብቻ በቃው። ጂኑ የሚገኘው ደግሞ ፕላዝሚድ ላይ ነው፤ ፕላዝሚድ ማለት ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ትንሽ ዲኤንኤ ነው። ኮሊስቲን ለከብት እርባታ፣ እንስሳትን ለማፋፋት ጭምር፣ በገፍ ይሰጥ ነበር። ቻይና በ2017 ለማፋፊያነት መኖ ውስጥ መጨመሩን ከለከለች።

"ሊለምደው አይችልም" የሚለውን አባባል አደገኛ የሚያደርገው ይህ ነው። የማይለመድ ነገር እንደልብ ይረጫል፤ እንደልብ የተረጨ ነገር ደግሞ ይለመዳል። "ባክቴሪያ ለመላመድ ሊቸገር ይችላል" ብሎ መጻፍ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚጨምረው። ምን ይከብዳል?

"ሳህኑ ላይ ሠራ፤ ስለዚህ መድኃኒት ነው"

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውራ። የድኅረ ምረቃ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ያሳደግኩትን ባክቴሪያ ከፈሳሹ ለይቼ፣ ፈሳሹን በአሲድ አዝቅጬ፣ ዝቃጩን ሜታኖል ውስጥ አሟሟሁት። ስታፊሎኮከስ የተዘራበት አጋር ላይ ትንሽ ጉድጓድ በስቼ ጠብ አደረግኩበት። በማግስቱ ሳህኑን ከኢንኩቤተር ሳወጣው በጉድጓዱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ! ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። "እሰይ! የኔ ልጅ ጀርም ገደለች" ብላ ለዘመድ አዝማድ አሰራጨችው።

ላብራቶሪያችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን አሉ። ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና፣ "ልጄ፣ ሜታኖሉን ብቻውን አስቀምጠሽው ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላስቀመጥኩም ነበር። በማግስቱ ሜታኖል ብቻውን አስቀመጥኩ። ክብ ሠራ። የእኔን ያህል ባይሆንም የሚቀራረብ ክብ። ዘመድ አዝማድ ያጨበጨበው በአብዛኛው ለሜታኖል ነበር ማለት ነው።

ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፤ አፍሬበታለሁ፤ ተምሬበታለሁም። ግን ሜታኖሉን ብናስተካክልም ክቡ ራሱ ችግር አለበት። የክቡ ስፋት የሚነግረን ሁለት ነገር አደባልቆ ነው፤ ሞለኪውሉ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነና አጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨ። ሰርፋክታንቶች መጠናቸው ሲጨምር ተሰባስበው ሚሴል የተባሉ ጥቅሎችን ይሠራሉ፤ እነዚህ ደግሞ አጋር ውስጥ እንደልብ አይጓዙም። ስለዚህ ኃይለኛው ትንሽ ክብ፣ ደካማው ትልቅ ክብ ሊሠራ ይችላል። "የእኔ 18 ሚሊሜትር፣ የእነሱ 14" ብሎ መፎከር ትርጉም የለውም። በዚያ ላይ ጠብ የተደረገው ብዙ ጊዜ ያልተጣራ ድብልቅ ነው። ማን ገደለ? ሰርፋክታንቱ? አሲዱ? ከባክቴሪያው የወጣ ሌላ ነገር? ክቡ አይናገርም።

ከሳህን እስከ ሰው ያለውን ርቀት ለማወቅ ደግሞ የዳፕቶማይሲንን ታሪክ እዩ። ከቱርክ፣ ከአራራት ተራራ አካባቢ በመጣ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ የተገኘ፣ እሱም የቅባት ጭራ ያለው ቀለበታማ ሞለኪውል ነው። ኤሊ ሊሊ የተባለው ኩባንያ በቀን ሁለቴ ሲሰጠው ጡንቻ ላይ የጉዳት ምልክት አየና ተወው። ኩቢስት የተባለ ሌላ ኩባንያ በ1997 ተረክቦ በቀን አንዴ እንዲሰጥ አደረገ፤ ጉዳቱ ቀነሰ። ሞለኪውሉ ያው ነው፣ የተቀየረው ሰዓቱ ነው! በ2003 አሜሪካ ውስጥ ለቆዳ ኢንፌክሽን ተፈቀደ።

ለሳንባ ምችስ? አልሆነም። የሳንባ ምች የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሳህን ላይ አሳምሮ ይገድላል፤ ሳንባ ውስጥ ግን አቅም ያጣል። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው። የሳንባችን የአየር ከረጢቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ የራሳችን ሰርፋክታንት አለን። ዳፕቶማይሲን ከባክቴሪያ ሽፋን ላይ የሚፈልገው የቅባት ዓይነት እዚያም ስላለ፣ መድኃኒቱ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ እኛው ሳሙና ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የትኛው ሳህን ይህን ሊነግረን ይችል ነበር?

ታዲያ ምን ይሠራል?

እስካሁን ያልኩት ተስፋ የሚያስቆርጥ ከመሰላችሁ፣ አይደለም። ይልቅ ገበያ ውስጥ የገባውን እዩ። ዩኒሊቨር በ2019 ቺሊ ውስጥ ራምኖሊፒድ ያለበት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አቀረበ። ኢቮኒክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስሎቫኪያ ውስጥ ራምኖሊፒድን ከስኳር የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ ሠርቶ በ2024 ወደ ሥራ አስገባ። ገበሬዎች ሴሬናድ በሚል ስም የሚረጩት ደግሞ ቀደም ሲል ባሲለስ ሰብቲሊስ ይባል የነበረ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ከሚሠራቸው የቅባት ጭራ ያላቸው ሞለኪውሎች ጋር የሰብል ፈንገስን ይከላከላል። በብዛት የተሳካው ማጠብና ሰብል መጠበቅ ላይ እንጂ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ መግደል ላይ አይደለም።

ምናልባትም ባክቴሪያውን በደንብ ብናዳምጠው ቀድሞ ይነግረን ነበር። ባሲለስ ሰብቲሊስ ሰርፋክቲኑን የሚጠቀምበት ለግድያ ብቻ አይደለም። በመንጋ ሆኖ ደረቅ ገጽ ላይ ሲጓዝ፣ ከፊቱ ውሃውን አላልቶ የሚንሸራተትበት ነው። "የጦር መሣሪያ" ብለን የጠራነው ነገር ለእሱ መንገድም ነው። በ2001 የወጣ ጥናት ሰርፋክቲን ሳልሞኔላ የሽንት ቱቦ ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ እንዳያድር እንደሚከላከል አሳይቷል። እንግዲህ ይህ "ጀርም ደመሰሰ" የሚል ርዕስ አያሰጥም። በፕላስቲክ ቱቦ የሚመጣ ኢንፌክሽን ለያዘው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያጓጓኝ አቅጣጫ ይኸው ነው፤ ወሬው ግን በግድያ ስለተጠመደ አልፎት ይሄዳል።

እንደ መሐንዲስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፎቹ ላይ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነገር ነው። ሰርፋክታንት የሚሠራ ባክቴሪያ አየር እየተነፋበት ሲያድግ ምን ይሆናል? አረፋ! አንድ ሌሊት ፈርመንተሩን ትቼ ሄጄ ጠዋት ስመለስ አረፋው የአየር ማጣሪያውን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። አረፋ ማጥፊያ ብትጨምሩ እሱም በተራው ምርቱ ውስጥ ገብቶ ያስቸግራል። ብልሆቹ አረፋውን ራሱን ሰብስበው ምርቱን ከዚያ ያወጣሉ። ከዚያ ማጣራቱ አለ፣ ወጪው አለ። ከነዳጅ የሚሠራው ሳሙና ርካሽ ነው። "ርካሽና ዘላቂ" የሚል ቃል ስታነቡ፣ በአንድ ሊትር ስንት ግራም እንደተመረተ የተጻፈ መሆኑን ተመልከቱ።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ዓይነት ዜና ሲደርሳችሁ አራት ነገር ጠይቁ። የሟሟበት ፈሳሽ ብቻውን ተፈትኗል? የተጣራ ነው ወይስ ድብልቅ? ባክቴሪያውን የሚያቆመውና የሰውን ህዋስ የሚጎዳው መጠን ጎን ለጎን ተቀምጧል? ገደለ ነው የሚለው፣ አቆመ ነው፣ ወይስ አስለቀቀ? ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

የእኔን ዝቃጭ በመጨረሻ አጣርቼ፣ ሜታኖሉን አትንኜ፣ በውሃ መሰል መፍትሔ አሟሙቼ ደገምኩት። ክቡ አነሰ። በጣም አነሰ። ግን አልጠፋም። አሁን ከአጠገቡ የቀይ የደም ህዋስ ቁጥር የሚገባበት ባዶ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ይዤ ተቀምጫለሁ። እናቴ በቀደም ደውላ "ያ ጀርም የገደልሽበት ነገር ምን ደረሰ?" አለችኝ። "እማዬ፣ ገና እያጣራሁት ነው" አልኳት።